ወለድ አልባው ሎተሪ

ረቡዕ፣ ንጋት — አዲስ አበባ

ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ደርሻለሁ። ጥቁር ሱፍ፣ ቀይ ክራባት፣ ማታ የተወለወለ ጫማ። በአንድ እጄ ሻንጣ፣ በሌላው ከቁመቴ የሚረዝም የተጠቀለለ ባነር ይዣለሁ። ረዳቱ ባነሩን ጣሪያ ላይ ከፍራሽና ከጀሪካን ጋር ሊጭነው ሲል፣ «የባንክ ንብረት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ከላይ እስከ ታች አየኝና ከፍራሹና ከጀሪካኑ ጋር ጫነው።

የምሄደው ወደ ሰሜኑ ቦረና፣ መካነ ሰላም ነው። ባንካችን እዚያ ቅርንጫፍ ከከፈተ ሰንብቷል፤ አብዛኛው ሰው ግን በበሩ ሲያልፍ ዘበኛውን ሰላም ከማለት በቀር አልገባበትም። ወለድ ሐራም ነውና። አሁን ወለድ አልባ አገልግሎት ጀምረናል። «ሕዝቡን ቁጠባ አስተምር» ተብዬ የተላክሁት እኔ ነኝ፤ ደሞዜ ወር ሳይጋመስ የሚያልቅብኝ፣ የቁጠባ ደብተሬ ከሠርጌ ወዲህ ያልተገለጠ ሰው።

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ — ከደጎሎ ወደ ወረኢሉ

የወንጪትን ገደል ያለፍኩት ዓይኔን ጨፍኜ ነው። ስለ መልክዓ ምድሩ ማንበብ የፈለገ ይቅር ይበለኝ። ደጎሎ ላይ ዓይኔን ስገልጥ ሜዳው ሁሉ የደረሰ ገብስ ነው። ከጭነት መኪና ሾፌሮች ጋር ተጣብቤ ሽሮ በላሁ፤ ክራባቴ ከኔ ቀድሞ ወጡን ቀመሰ።

ከደጎሎ ወዲህ በሚኒባስ ነው። ሾፌሩ ሰይድ ይባላል። የመጣሁበትን ሲሰማ ጥቂት አሰበና ጠየቀኝ።

«ወለድ ከሌለው ባንኩ ምን ይበላል?»

ስለ ሽርክና፣ ስለ ትርፍ ክፍፍል፣ በሥልጠናው የያዝኩትን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ሰይድ መንገዱን እያየ በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«ላስተማረህ ሰውዬ ገብቶታል?» አለኝ።

እኔም ከሥልጠናው ቀን ጀምሮ የምጠረጥረው ይህንኑ ነበር። ወረኢሉ እስክንደርስ ስለ በግ ዋጋ ተጫወትን።

ሐሙስ — መካነ ሰላም

ከወረኢሉ የተነሳሁት እህል በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ነው። አቧራው ሱፌን ጥቁር ከመሆን ገላግሎታል። መምጣቴን የሰማች አንዲት ሴት ቅርንጫፉ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«አብሽሩ፣ እንኳን ደህና መጡ! ሰዓዳ እባላለሁ።»

ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የተመለሰች ናት። የላከችው ሁሉ የገባው በታላቅ ወንድሟ ስም ነው። ወንድሟ አልጠጣበትም፣ አልቃመበትም፤ ደህና ቆርቆሮ ቤት ሠራበት፣ በራሱ ስም። ስትመለስ ሚስቱ የእንግዳ ክፍሉን አሳየቻት። አሁን ደግሞ ታናሽ እህቷ ጅዳ ናት፤ እሷም የምትልከው በወንድማቸው ስም ነው።

ሰዓዳ በገዛ ስሟ ሒሳብ መክፈት ትፈልጋለች። ብቻዋን ከከፈተች ግን፣ «ወለድ ልትበላ ነው» ብለው ያሟታል። ስለዚህ ልጆቻቸው ዐረብ አገር ያሉባቸውን የቅሬዋን እናቶች ቤት ለቤት እየዞረች አብረዋት እንዲከፍቱ ስትለምን ከርማለች። ቅሬ አዲስ አበባ ዕድር የምንለው ነው፤ እዚህ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አብሮ ይቀባበርበታል።

«ነገ ከጁምዓ በኋላ ይሰበሰባሉ» አለችኝ። «የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይመር ካመኑበት ሁሉም ያምናል። አደራዎን!»

«ለኔ ተዪው» አልኩ። ይህን ብዬ የተሳካልኝ ነገር እስካሁን የለም።

ዓርብ — የቅሬው አዳራሽ

እውነት ለመናገር ጥሩ ጀምሬ ነበር። ገንዘባቸው በአደራ እንደሚቀመጥ፣ ወለድ እንደማይነካው፣ ከባለቤቱ በቀር ማንም እንደማያወጣው ተናገርኩ። ጋሽ ይመር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዓዳ ከሴቶቹ መካከል ፈገግ አለች። እዚያ ላይ ብቀመጥ ምን ነበረበት!

ባነሩን ዘረጋሁት። ትልቅ ፍሪጅ ተሥሎበታል፤ ከሥሩ «ያለ ወለድ ይቆጥቡ፣ በዕጣ ይሸለሙ!» ይላል። በዚህ ውርጭ፣ መብራት ሲመጣ ሰው እልል በሚልበት ከተማ፣ ፍሪጅ።

«ልጄ፣ ዕጣ ነው ያልከው?» አሉ ጋሽ ይመር።

«አዎ አባቴ! የደረሰው ይወስዳል!»

«ያልደረሰውስ?»

«ለሚቀጥለው ይሞክራላ!»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ። «ከወለድ አውጥተህ ቁማር ልታገባን ነው?»

ቁማር ሐራም መሆኑን አላውቅም ነበር አልልም። ዋናው መሥሪያ ቤት ይህን ባነር ስናሳትም ስንት ሰው ፈረመበት፤ እኔም ፈርሜያለሁ፤ ለማንኛችንም ትዝ አላለንም። ሴቶቹ ተራ በተራ ተነሱ። ጎረቤቶቻቸውን አጅበው የመጡት ክርስቲያኗ እትዬ አስካለ እንኳን ነጠላቸውን አጣፉ። «እኔስ ቢደርሰኝ ደስ ባለኝ። ግን ከጎረቤቶቼ ተለይቼ በፍሪጁ ማንን ላበላበት?» አሉኝ።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ሰዓዳ መጣች። እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ነበርኩ።

«ንጹሕ ነው ብዬ ቤት ለቤት የዞርኩት እኔ ነኝ። አንተ ነገ መኪናህን ትሳፈራለህ። እኔ ግን ከነሱ ጋር ነው የምኖረው፣ የምሞተውም፣ የሚቀብሩኝም እነሱ ናቸው።»

አፈርኩ። እንዲህ ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። አለቃዬ ዘንድ ደወልኩ፤ «ሕዝብ ዕጣ ይወዳል፣ ቀጥል» አለና ዘጋው። ባነሩን ጠቅልዬ ከሰዓዳ ጋር ጋሽ ይመር ቤት ሄድኩ።

«አባቴ፣ ለመካነ ሰላም ዕጣ የለም። ቀርቷል» አልኳቸው።

«አለቃህ ፈቀደ?»

«አልፈቀደም።»

እስኪያስላቸው ሳቁ። «እንግዲያ አንተም ደሞዝህን ደህና ቦታ አስቀምጥ!» ከዚያ ሳቃቸው ሲበርድ ወደ ሰዓዳ ዞሩ። «ሴቶቹን ሂዱም አልላቸውም፣ አትሂዱም አልላቸውም። ዓይን አላቸው፣ አይተው ይወስኑ።»

ቅዳሜ — ቅርንጫፉ

ጠዋት ማንም አልመጣም። መስኮት ለመስኮት እየዞርኩ ያለ ሥራዬ መጋረጃ ሳስተካክል ዘበኛው፣ «ጌታዬ፣ አረፍ ይበሉ፣ እኔን ደከመኝ» አለኝ።

ሰዓዳ ብቻዋን መጣች። «ሌሎቹስ?» ስላት በአገጯ ወደ መንገዱ ማዶ አመለከተችኝ። እናቶቹ ሱቁ ጥላ ሥር ተደርድረው ቆመው ያዩናል።

ደብተሩ ሲሰጣት ገልጣ ስሟን አነበበች። ከዚያ ደጃፉ ላይ ወጣችና ስልኳን አወጣች። የምትናገረው ለእህቷ ነው፤ ድምጿ ግን ለማዶውም ይበቃ ነበር።

«ከእንግዲህ በወንድማችን ስም እንዳትልኪ! በስሜ ላኪው። አዎ፣ ሰዓዳ መሐመድ አሊ በይ። ወላሂ፣ ደብተሩ የኔው ነው! ስትመጪ ገንዘብሽን ታገኛለሽ፣ የእንግዳ ክፍል አትገቢም!» አለችና አለቀሰች። እኔም ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ማዶ ካሉት አንዲት እናት መንገዱን ተሻግረው መጡ። ባነር የለም፣ ንግግርም አላደረግሁም፤ በሩን ከፍቼ ይዤ ቆምኩ። ከአዲስ አበባ ከወጣሁ ወዲህ በትክክል የሠራሁት ሥራ እሱ ነው። እሳቸው ግን እኔን አላዩኝም፣ ወደ ሰዓዳ ሄዱ።

«የኔዋ ቤሩት ናት» አሏት። «እንዲህ አድርገሽ ለሷም ትነግሪልኛለሽ?»

ከኋላቸው ሌሎቹም መንገዱን መሻገር ጀመሩ።