ዋስ ያለው ሰው አይሸሽም

ከዚያ ክፍል ሁለት ጊዜ ሸሽቻለሁ። ትምህርቱ የፍልስፍና መግቢያ ነው፤ መምህሩ ቦት ጫማ የሚያደርጉ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ የቴክሳስ ሰው ናቸው። ንባቡ አልከበደኝም። ስድስተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩትን ትምህርት ከሠላሳ አምስት ዓመቴ በኋላ፣ ከመጋዘን ሥራ መልስ የጨረስኩ ሴት ነኝና መጽሐፍ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ የተርሙ መጨረሻ ነበር። ሁሉም ተማሪ ሰው ፊት ቆሞ አሥር ደቂቃ መናገር አለበት። ያ ቀን ሲቃረብ ሁለቱንም ጊዜ ኮምፒውተር ከፍቼ ድሮፕ አደረግኩት። ይህን ሳላልፍ ደግሞ ኮሌጁ አያስመርቀኝም።

ሦስተኛ ጊዜ ስመዘገብ አባቴ ከእኔ ጋር እዚሁ ቴክሳስ፣ ዋይሊ ከተማ መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አገር ቤት ዕድሜያቸውን ሙሉ ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ለባለጉዳይ ማመልከቻ ሲጽፉ የኖሩ ሰው ናቸው። እዚህ ከመጡ ወዲህ ከጎረቤት ውሻ በቀር የሚሟገታቸው አጥተዋል። ክፍላቸው ውስጥ ያለው አልጋ፣ ወንበር፣ እና አልጋው ሥር በመጥረጊያ እንኳ እንዳልነካው የተከለከልኩት አንድ ረጅም ካርቶን ነው። ሮውሌት ያለው ሐይቅ ቅርብ ስለሆነ የዓሣ መንጠቆ መስሎኝ ዝም አልኩ።

በዚያ ተርም መምህሩ አዲስ ነገር አመጡ። በየተራ ከመናገር ይልቅ የጥንቱን የግሪክ ፈላስፋ ክስ እንደገና እንድናይ ወሰኑ። የከተማዋን አማልክት አያከብርም፣ ወጣቶችን ያበላሻል ተብሎ በሰባ ዓመቱ መርዝ እንዲጠጣ የተፈረደበት ሰው ነው። ከባርኔጣ ውስጥ ዕጣ አወጣን። ቤት ስገባ አባቴ ፊቴን አይተው፣

«ምን ሆነሻል?» አሉኝ።

«ጠበቃ አደረጉኝ፣ አባባ።»

«እሰይ! የማን?»

«የሞተ ሰው። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ገድለውታል።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል? ከዚህ በላይ ምን ሊያደርጉት?»

«እኔ እንጃ። ቀኑ ሳይደርስ ድሮፕ ላደርገው ነው።»

«ድሮፕ ምንድን ነው?»

«መተው ነው።»

«መሸሽ በይው።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ክፍል ልሄድ ስወጣ ክራቫታቸውን አስረው መኪናው አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። ክፍሉ ድረስ ገቡ። መምህሩ ፊት ባርኔጣቸውን አውልቀው ተናገሩ፤ እኔው ላይ የሚነገረውን እኔው ተረጎምኩ።

«ይህች ልጄ በቀጠሮዋ ቀን ትቀርባለች። ባትቀርብ ዋሷ እኔ ነኝ፤ እኔን ይያዙ።»

መምህሩ አሰቡ። «ባትመጣ ምን ላድርግዎት?»

«እስክትመጣ እዚህ ወንበር ላይ ታስሬ እቀመጣለሁ።»

ይስቃሉ ብዬ ፈራሁ። አልሳቁም። ወረቀት አንሥተው ሁለት መስመር ጻፉ። አባቴ እንግሊዝኛ ባያውቁም ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች መርምረው «ቀን የለውም» ብለው መለሱት። ቀኑ ተጻፈበት። አባቴ ፈረሙ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ችሎት ሆነ። መኪናችንም እንዲሁ። አባቴ ከሳሽ፣ እኔ ጠበቃ። ሳክሲ ከተማ የትራፊክ መብራት ላይ በቆምን ቁጥር ዳሽቦርዱን ይመቱታል፦ «ተጠየቂ!» የጎን መኪና ሰዎች ያዩናል። እኔ በሹክሹክታ እመልሳለሁ። «ዳኛው ደንቆሮ ነው፣ ጮክ በይ!»

ሙግቱ የሚገባቸው እንደ ጎረቤት ጉዳይ ነበር። ፈላስፋው ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ቅጣትህን አንተው ገምት ሲሉት፣ የሚገባኝስ በከተማው ወጪ ግብር እየበላሁ መኖር ነው ማለቱን ስነግራቸው ቀበቷቸውን ይዘው ሳቁ። «ዳኛ ፊት? ሰውየውን አፉ ነው የገደለው!» ለበዓል የሄደች የተቀደሰች መርከብ እስክትመለስ ድረስ በከተማዋ ሰው ስለማይገደል ሞቱ አንድ ወር ያህል መዘግየቱን ግን ወደዱት። «ቀጠሮ ያውቃሉ፤ ሕግ ያላቸው ሰዎች ናቸው።» መጨረሻ ላይ፣ መርዙን ጠጥቶ እግሩ መቀዝቀዝ ከጀመረ በኋላ፣ ለፈውስ አምላክ ዶሮ እንዲሰጥለት ለጓደኛው አደራ አለ። ምሁራን እስከ ዛሬ ትርጉሙን ይከራከሩበታል አልኳቸው።

«ስለት ነዋ! ምኑ ያከራክራል?» አሉና ድንገት ወሬ ቀየሩ።

አንድ ቀን መጋዘኑ ውስጥ በምሳ ሰዓት ሳነብ አንዲት መስመር ላይ ቆምኩ። ጓደኛው ለዳኞቹ፣ አይሸሽም ብሎ ዋስ ሆኖለት ነበር። አላመንኩም፤ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ በሌሎች ሁለት ትርጉሞች አመሳከርኩት። ጎህ ሳይቀድ እስር ቤት ገብቶ፣ ዘበኛው ከእኛ ጋር ነው፣ ተነሥና እናምልጥ ያለውም ያው ጓደኛው ነው። ለአባቴ ነገርኳቸው።

«ሽሽ ያለው ዋሱ ራሱ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲህ ጓደኛ ማለት ይህ ነው።»

ቀኑ ደረሰ። ኮሌጁ ግቢ ፓርክ አድርጌ ሞተሩን አጠፋሁ። መውረድ ግን አቃተኝ። እጄ መሪው ላይ ተጣብቆ ቀረ። አባቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«ካልሆነልሽ መኪናሽን አስነሺና ሂጂ» አሉኝ ቀስ ብለው። «እኔ ገብቼ እቀመጣለሁ።»

«አባባ፣ እንዴት ይሆናል?»

«ምን አለበት? ምሳ ይዣለሁ።»

እውነታቸውን ነበር። ከኮታቸው ሥር የምሳ ዕቃ አወጡ፤ ክዳኑን ከፍተው አሳዩኝ። ፍርፍር ነው፤ ሹካም አልረሱም። ሳቄ ፈነዳ። አባቴም ሳቁ። እየሳቅን ወረድን።

ክፍሉ ውስጥ በሩ አጠገብ ተቀመጡ፣ ምሳቸው ጭናቸው ላይ። እኔ ቆምኩ። ወረቀቴን ማንበብ ጀመርኩ፤ ድምፄ ለራሴም አይሰማኝም። ከሳሽ የሆነው ባለ ቆብ ወጣት እጁን አወጣ። «በሩ ክፍት ነበር አይደል? ታዲያ ለምን አላመለጠም? ሞኝ ነው?»

በሩን አየሁ። እውነትም ክፍት ነበር። አጠገቡ አባቴ አሉ።

ወረቀቴን አስቀመጥኩ። «ዋስ ነበረው» አልኩ፣ መጀመሪያ በአማርኛ። ከዚያ በእንግሊዝኛ አስረዳሁ። «ያን ሽማግሌ ታያላችሁ? እኔ በዚያ በር ብወጣ እሳቸው ይቀራሉ። ዛሬ ጠዋት ሂጂ አሉኝ። ሂጂ ያለን ሰው ትቶ መሄድ እንዴት ይቻላል?»

አባቴ ዋስ የምትለዋን ቃል ሰምተዋል። ብድግ ብለው እጅ ነሡ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ከዚያ በኋላ የሚያቆመኝ ጠፋ። ስለ ሕጉ ተናገርኩ፣ ስለ መርከቢቱ ተናገርኩ፤ ባለ ቆቡንም «ተጠየቅ!» ብዬ ጠረጴዛ መታሁበት። አሥር ደቂቃ የፈራሁት ሃያ ሁለት ሆኖ መምህሩ ሰዓታቸውን እያሳዩ አስቀመጡኝ።

ድምፅ ተሰጠ። ዘጠኝ ለስምንት፣ ጥፋተኛ!

ለአባቴ ተረጎምኩላቸው። «ይግባኝ!» አሉ ቆመው። መምህሩ ምን እንዳሉ ጠየቁ፤ ስነግራቸው ስቀው የማያውቁት ሰው ወንበራቸውን ይዘው ሳቁ። ማለፌን በጆሮዬ ነገሩኝ። ከእኛ ጋር ሊጨባበጡ ሲነሡ አባቴ እጃቸውን አልጨበጡም፤ ወረቀቱን ሊቀበሉ መዳፋቸውን ዘረጉ። የፈረሙባት ወረቀት ተመለሰችላቸው። አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና «አሁን ከዋስትና ወረድኩ» አሉ።

ምሳቸውን መኪናው ውስጥ ለሁለት በላነው። ቤት ስንገባ በቀጥታ ወደ ክፍላቸው ሄደው አልጋው ሥር ተንበረከኩ።

«ነይ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ።»

ረጅሙን ካርቶን ጎትተን አወጣን። ከፈቱት። የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ነበር፤ ቀይ ከፋይ፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ ያለው።

«አባባ! የምን ስለት ነው?»

«አፍሽ እንዲከፈት» አሉ፣ የካርቶኑን ክዳን በክርናቸው እየጠረጉ። «ሁለት ጊዜ ሸሽተሽብኝ ይኸው አቧራ ጠጥቷል። በይ፣ ነገ እሑድ ነው፤ ጨርቅ አምጪና እንወልውለው።»