የጭንቄ መስታወት ቢጫ እንዳይሆን

ይኸውላችሁ፣ ዛሬ ደግሞ ግድግዳዬን ስታሸት ያዝኳት! ጭንቄን ነዋ፣ የልብስ ሰፊዋን ልጅ። አፍንጫዋን ቀለሙ ላይ ለጥፋ፣ «እማማ፣ ይሄ ግድግዳ እርጥበት አለው» ትለኛለች። «እኔስ ብሆን በዚህ ዕድሜዬ መች ደርቄ አድራለሁ?» ብላት ፈገግ እንኳ አላለች።

ጭንቄ ያልናት እኛ የፎቁ ሰዎች ነን። ልጅ ሆና ሰማዩ ትንሽ ካጉረመረመ የሰው ሁሉ ልብስ ከገመድ እየለቀመች ታስገባ ነበር። የማን ሱሪ የማን ቤት እንደገባ አትጠይቁኝ። አሁን ተምራ፣ አድጋ፣ ላብራቶሪ ገብታም ያው ናት። ምን ትሠራለች ካላችሁ፣ መስታወት ጥቁር ትቀባለች። አትሳቁ! ቅቡ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነው፤ ፀሐይ ጠጥቶ መብራት ይሰጣል። ስሙ ፔሮቭስካይት ነው። ጥርሴን ካላደረግኩ አልጠራውም።

ታዲያ ይሄ ጉደኛ ቅብ ሙያው ብዙ፣ አቅሙ ትንሽ ነው። እርጥበት ከነካው የወፍ በሽታ እንደያዘው ሰው ቢጫ ይሆንና አለቀለት። አለቃዋ ከወራት በፊት ቁርጡን ነገራት፤ መስታወቱ ሙቀትና እርጥበት ችሎ ጥቁር እንደሆነ ካልቆየ ሥራው ይዘጋል፣ እሷም ወደ ቤቷ። ቤቷ ማለት ከእናቷ የስፌት መኪና አጠገብ ተቀምጦ ቁልፍ መትከል ነው። መርፌ ላይ ክር ስታስገባ እንኳ እጇ የሚንቀጠቀጥ ልጅ!

እህል ውሃ ጠላች። እናቷ ስለምትቆጣት እኔ ጋ እየመጣች ትተነፍሳለች፣ ነገር በሆዴ እንደማያድር እያወቀች።

«እማማ፣ ቅቡ ውስጡ እንደኛ ፎቅ ክፍል ክፍል ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው። ትንንሾቹ ሞለኪውሎች ይገባሉ። እኔ ትልልቅ ጨመርኩበት፤ እነሱ በበሩ አይገቡም።»

«ካልገቡ ምን ይረቡሻል?»

«ውጭ ይደረደራሉ። ዘይት ነገር ስለሆኑ ውሃ አያስጠጉም።»

«በይ ገባኝ፣ እኔን ናቸዋ! ወፍራም፣ ደጅ ላይ የተቀመጠ፣ ሳይመረምር ሰው የማያሳልፍ።»

«ሲበዙ ግን መብራቱንም አያስወጡትም። ጭንቀቴ እሱ ነው።»

«እሱም እኔን ነው። እላይ ያለችው የደላላው ሚስት ከኔ አምልጣ ወጥታ ታውቃለች?»

እንዲህ እንዲህ እያለች፣ ስትቀንስ ስትጨምር፣ ልኩን አገኘሁ አለች። መስታወቱን ለፈተና ሙቅ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ሣጥኑ እንደ ሻወር ቤት በእንፋሎት የታፈነ ነው። አለቃዋ ለስብሰባ ሌላ ከተማ ሲሄድ አንድ ነገር ብቻ አዘዛት፤ «እስክመለስ እንዳትከፍቺው።»

ለማን ነው የሚነግረው? ሣጥኑ መስኮት አለው፣ ግን እንፋሎቱ ይደፍነዋል። ጥቁር ይሁን ቢጫ በምን ትወቅ? ጓደኞቿ ለምሳ ሲወጡ ከፈት ታደርጋለች፣ «አለህልኝ?» ትለዋለች፣ ትዘጋለች። ወንበሯ ላይ ደርሳ ሳትቀመጥ ደግሞ ትመለሳለች። ይሄን ያህል ባሏን የጠበቀች ሴት አላየሁም።

በከፈተች ቁጥር ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ክዳኑም ላብ ያወጣል። ላቡ ተጠራቀመ፣ ተጠራቀመና አንድ ቀን ልክ ስታጮልቅ ጠብ አለ። የት? መስታወቱ ጥግ ላይ! ዓይኗ እያየ ጥጉ ቢጫ ሆነ። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሷ ግን በእግሯ ሄዳ ጠርታ አመጣችው።

ቤት ስትገባ ፊቷ ከመስታወቱ የባሰ ነበር። የሆነውን ስትነግራት እናቷ የስፌት መኪናዋን አቆመች።

«ድስት እንኳ ክዳኑን ሲነካኩት አይበስልም! አሁኑኑ ለሰውየው ንገሪው።»

«ያባርረኛል፣ እማ።»

«ከሰው ከሚሰማ ካንቺ ይስማ» አለችና ዞር ብላ እኔን አየችኝ። እኔን ለምን አየችኝ?

አለቃዋ የተመለሰ ቀን በር ላይ ጠብቃ፣ ቦርሳውን እንኳ ሳያስቀምጥ ሁሉንም ዘረገፈችለት። እሱም መስታወቱን አውጥቶ መብራት ሥር አደረገው፣ ጎንበስ አለ፣ አገላበጠው። የእናቷ የልብስ ቁልፎች በዓይኗ ዞሩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ፊቷን በትራስ ሸፍና ነው የነገረችኝ፣ ለማንም እንዳልናገር አስምላ። ለማን ተናገርኩ? ለናንተ ብቻ።

የላብራቶሪ ሰዎች፣ ትንፋሽም እርጥበት ነውና፣ መስታወት አጠገብ ትንፋሽ መያዝ ልማዳቸው ነው። ሰውየው ረስቶ አፉን ከፍቶ ጠጋ ሲል፣ ትንፋሹ መስታወቱን ጭጋግ አለበሰው። ጭንቄ ምን እንደገፋት አታውቅም፤ የአለቃዋን አፍ በመዳፏ እፍን!

«አይተንፍሱ!» ብላ ጮኸች፣ ጓደኞቿ ሁሉ እያዩ።

ምስኪን ሰውዬ፣ ቢጫው ከጥጉ እንዳላለፈ፣ ወፍራሞቹ ቀሪውን ይዘው እንዳቆሙት፣ ሥራውም እንደሚቀጥል፣ የሣጥኑን ቁልፍ ግን እሱ ራሱ እንደሚይዝ፣ ሁሉንም በጣቶቿ መሃል ነው የተናገረው። ጢሙ መዳፏን እየኮረኮራት፣ እሷ እቴ፣ መስታወቱ ተመልሶ እስኪከደን ድረስ እጇን አላነሳችለትም።