ከግራሶው ሥር የወጣው ስም

አትሳቁብኝና፣ የጸሎት ቡድን እህቶቼ ሹራብ የምሠራ የሚመስላቸው እኔ፣ ኦክላንድ ባለው ጋራዤ ውስጥ አሮጌ የጦር ጠመንጃ እየገዛሁ እወለውላለሁ። (ባሌ "ሹራቡ ይሻል ነበር" ይላል።)

ዛሬ ከአገር ቤት የመጣ ጠመንጃ ሰደፍ ላይ የደረቀውን ግራሶ ስጠርግ፣ በጩቤ የተቀረጸ ስም ወጣ፦ መኩሪያ ታዬ።

ሳን ሆዜ ላሉት ወዳጃችን ጋሽ ዘውዴ ታዬ፣ "በአባት ስም የሚገጥምዎ ሰው አገኘሁ" ብዬ ፎቶውን ላክሁላቸው፤ ለቀልድ ነበር። ወዲያው ኮል አደረጉ።

"ታላቄ ነው። ዘመቻ እንደሄደ ቀረ። ከሥሩ ሌላ ስም አለ?"

"ለምን ጋሼ?"

"ጠመንጃውን የወሰደበት ሰው የራሱን ስም ይቀርጻላ! አንቺ ልጅ፣ እስክደርስ ከጠመንጃው ላይ እጅሽን አንሺ። መጣሁ።"

አልነገርኳቸውም እንጂ፣ ከሥሩ ሁለት ፊደል ብቅ ብሏል። ጨርቄን አስቀምጬ በር በሩን አያለሁ።

እናንተስ አሮጌ ዕቃ ላይ የምታውቁት ስም አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጋሼ ከፈቀዱልኝ፣ ሁለተኛው ስም የማን እንደሆነ እዚሁ እነግራችኋለሁ።