ለደሴ የተቀመጠ ቤንዚን

ሐይቅ መናኸሪያ፣ ወደ ውጫሌ የሚጭኑት ሚኒባሶች ሁሉ አፍንጫቸውን ወደ ውጫሌ አድርገው ሲቆሙ ይሄ ሾፌር ብቻ ወደ ደሴ አዙሮ ያቆማል። ጦርነቱ ካለፈም ወዲህ አርፎ መቀመጥ አልሆነለትም፤ ጣቶቹ መሪውን ይደበድባሉ፣ ዓይኑ በመስታወቱ ከኋላው፣ ከወልድያ የሚመጣው መንገድ ላይ ነው።

ጋቢና የገባችው ሂንድ ከመሪው ጎን በፕላስተር የተለጠፈች፣ ሽቦ የበዛባት፣ መዳፍ የማትሞላ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አየች። ተነስተው ብዙም ሳይርቁ ሰሌዳዋ ላይ ቀይ መብራት በራ፤ ሞተሩም አንዴ ተንገጫግጮ ከቤንዚን ከኋላ ወደተጫነው የሲሊንደር ጋዝ ዞረ።

«ሾፌር፣ ቤንዚኑ አለቀ እንዴ?»

«አብሽሪ እህቴ፣ አላለቀም። ደሴ የሚያደርስ ያህል ሲቀር በራሷ ወደ ጋዝ ትቀይረዋለች። እንዲያ አድርጌ ነው የሠራኋት፤ በእጄ የምቀይረው ቢሆን ኖሮ የደሴውን እነካው ነበር።»

«የምንሄደው ውጫሌ አይደል እንዴ?»



«በጦርነቱ ወደ ደሴ የሸሸን ለት፣ ሐይቅን እንዳለፍን ቤንዚኑ አለቀብኝ» አለ ሾፌሩ። «ባለቤቴ ምጥ ይዟት፣ እዚሁ አንቺ ያለሽበት ላይ ነበረች።»

ሂንድ ለሌላ ሰው ቦታ እንደሚለቅ ሰው፣ ሳታስበው ወደ በሩ ጠጋ አለች።