መቶ ሳንቲም የማይሞላው ብር

በሃምሳዎቹ መጨረሻ ቡሬ ሳስተምር፣ አንድ ብር መቶ ሳንቲም የሚሆነው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ነበር። ገበያ ሲወጣ ዘጠና አምስት ነው።

ነገሩን ላስረዳ። ዋናው እህል ገዥ ከገጠር የመጡትን ሴቶች ጤፍ ከሰፈረ በኋላ «ዝርዝር የለኝም» ብሎ በወረቀት ብር ይከፍላል። ጨው ሻጯ ደግሞ ለወረቀት ብር መልስ የላትም። ስለዚህ ሴቶቹ ብሩን ይዘው ወደዚያው ሰውዬ ሱቅ ይሄዳሉ። እዚያ ዝርዝር ሞልቷል። ለአንድ ብር ሦስት ስሙኒና ሁለት አሥር ሳንቲም ይቆጠርላቸዋል፤ የቀረችው አምስት ሳንቲም «የመመንዘሪያ» ተብላ ትቀራለች።

አራተኛ ክፍሎችን «አራት ስሙኒ አንድ ብር!» እያልሁ ሳስጮኻቸው ከኋላ አንዷ «ቡሬ አይሞላም፣ ጋሼ!» አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ወሩ ሲያልቅ ገንዘብ ያዡን ደመወዜን በስሙኒ እንዲከፍለኝ ለመንሁት።

«ልትዘራው ነው እንዴ?» አለኝ።

ቅዳሜ ጨው ተራ አጠገብ ጆንያ አንጥፌ ተቀመጥሁ። «አንድ ብር ያመጣ አራት ስሙኒ ይወስዳል! መመንዘሪያ የለም!» ገና ሴቶቹ እህላቸውን ሳይሸጡ፣ ጎረምሶች አከታትለው የወረቀት ብር እያመጡ ስሙኒዬን ጠርገው ወሰዱት። የእህል ገዥው ተሸካሚዎች መሆናቸው የገባኝ ጆንያው ባዶ ሲቀር ነው።

ሰውዬው ራሱ እየሳቀ መጣ። «አለቀብህ? አንተ ልጅ፣ ገበያ በደወል አይታዘዝም።»

«አልቋል» አልሁት። «የት እንደገባም አውቃለሁ። እርስዎ ሱቅ ነው።»

ተነሥቼ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ድምፄን ከፍ አድርጌ ለሴቶቹ አስረዳሁ። «እናቶቼ፣ ዛሬ ዝርዝር የለኝም ቢላችሁ አትመኑ። የወር ደመወዜ በሙሉ በስሙኒ ሆኖ እሳቸው ዘንድ ነው። መጀመሪያ ስሙኒው ይቆጠር፣ ከዚያ ጤፉ ይሰፈር።»

ሰውዬው ሳቁን ተወ። «ለአለቆችህ እነግርልሃለሁ! ከቡሬ አስነሥተው ሽንዲ ቆላ ይሰዱሃል፣ እዚያ ታስተምራታለህ!»

«ሽንዲም ብር መቶ ሳንቲም ነው።»

ሴቶቹ እንደ ወትሮው ሸጠው ቢሄዱ እኔም ሽንዲ እወርዳለሁ፣ እነሱም አምስት ሳንቲማቸውን እየገበሩ ይኖራሉ። ፊት ለፊት የቆሙት ባልቴት የጆንያቸውን አፍ መልሰው ቋጠሩና ተቀመጡበት።

«በሉ ጌታው፣ ስሙኒውን ያውጡ። አለዚያ ጤፉ ከእኔ ጋር መጥቷል፣ ከእኔ ጋር ይመለሳል።»

«ምን ነካዎት፣ እመይቴ? ይህን ጎረምሳ ሰምተው?»

«ጎረምሳውን ተዉት። እኔ ነኝ የምናገርዎ።»

ከአጠገባቸው ያለችውም ጆንያዋን ቋጠረች፣ ቀጥሎ ያለችውም። ከመንገዱ ዳር እህሉን የሚጭነው መኪና ሾፌር ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ፤ እንዳይመሽበት ቸኩሎ ነበር። ሰውዬው ወደ መኪናው አየ፣ ወደ ጆንያዎቹ አየ፣ መጨረሻ አንዱን ተሸካሚ ወደ ሱቁ ላከው። ስሙኒው በጣሳ መጣ። ባልቴቷ በነጠላቸው ላይ አራት አራት እያደረጉ ቆጠሩና፣ ሞልቶ ሲያገኙት ጆንያቸውን ፈቱ።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። «ይህ ሁሉ ግርግር ለአምስት ሳንቲም ነው?»

«አምስት ሳንቲም ብቻ ከሆነች» አልሁት፣ «እርስዎ ይተዉአት።»