የጋሼ ዳፍንት

በኛ ቤት ሲመሽ ሳል ይበዛል። ጉንፋን እንዳይመስላችሁ። ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ ዳፍንት አለበት። ልብስ ሰፊ ነው፤ ቀን ቀን መርፌ ላይ ክር ለመሰካት የሚያህለው የለም፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን በሩን ከግድግዳው አይለይም። እንዳንጋጭ በጨለማ የሚያልፍ ሁሉ «እህህ!» ይላል፣ የሰማም ይመልሳል። እናታችን ከአባቷ ቤት ያመጣችው ልማድ ነው። አያታችንም እንደ ጋሼ ነበሩ፤ በጎልማሳነታቸው ስለሞቱ ግን የበሽታውን መጨረሻ ያየ የለም።

ጋሼን የሚያንገበግበውም ይኸው ነበር። ዳቦ ሻጯን ጎረቤታችንን ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች፤ እሱ ግን «ነገ ቀኑም ቢጨልምብኝ ሸክም ልሆንባት?» እያለ የጋብቻን ነገር አያነሳም።

«ዓይንህስ ቀን ያያል፤ ልብህን ነው ዳፍንት የያዘው!» እለዋለሁ። ወይ ፍንክች!

በመጨረሻ ጎትቼ ዓይን ክሊኒክ ወሰድኩት። መርማሪዋ ሬቲና የሚሉት የዓይን ውስጠኛ ሽፋን የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ልትለካ ከፀጉር የቀጠነ ክር አወጣች። ክር ሲያይ ጊዜ ፊቱ በራ፤ «ስንት ቁጥር ነው?» አላት። ክሩን በታችኛው የዓይኑ ቆብ ላይ አጋደመችለትና መብራቱን አጠፋች። ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ቁጭ አልን። ከዚያ ብልጭታው ተጀመረ። «እንዳይንቀሳቀሱ» ብላ ሳትጨርስ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ጋሼ ወዲያው «እህህ!» እኔም ከጥግ «እህህ!»

«ኧረ በፈጠራችሁ! ማሽኑ ላይ ያለው መስመር ተበላሸ እኮ!»

ምክንያቱን ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። ከዚያ «ብሞትም አልስልም» ብላ እንደገና ጀመረች።

የክሊኒኩ ሽማግሌ ሐኪም ውጤቱን አዩት። «ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሳትህ ደህና ናቸው። ችግሩ መልእክቱን ለቀጣዮቹ ማቀበል ላይ ነው። አብሮህ የተወለደ ነው፤ አይብስም።»

«አይብስም ማለት?»

«ይሄ ነገር አያሳውርህም፣ ልጄ።»

እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። ጋሼ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ ሳይጨልምበት በሩጫ ዳቦ ቤት! ደንበኛ ሁሉ እየሰማ «አልታወርም! አግቢኝ!» አላት።

የያዘችውን ዳቦ አስቀመጠች። «እኔ ብትታወርም ብዬ ቆርጬ ነው የጠበቅኩህ። ምርመራ ያስፈለገው አንተን ነው።»

ጋሼ የሚገባበት ጠፋው። እኔ ግን አንጀቴ ራሰ፤ እሰይ!

ሽርጧን ፈታች፣ ሱቋን ዘጋች። ደጁ ጨላልሟል።

«በል ክንዴን ያዝ» አለችው። ያዛት፤ ወደ እናታችን ይዛው ሄደች።