አጥፋውና ግባ

እኛ ሰፈር ሰው ሞተሩን እንዴት እንደሚያጠፋ አይቶ ጠባዩን መናገር ይቻላል። እኔ የስፌት ማሽኔን የምዘረጋው የግቢያችን በር አጠገብ፣ ጥላው ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ መርፌው ላይ ባፈጥም ጆሮዬ መንገድ ላይ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ደግሞ ሞተር የሌለው ሰው ማለት ሞተር ሊገዛ ያሰበ ሰው ማለት ነው፤ ስለዚህ ለጆሮዬ ሥራ አይጠፋም።

ፊት ለፊታችን የሚኖረው መምህር ከማጥፋቱ በፊት አንዴ ጋዝ ይሰጣል። ዉንንን! ከዚያ ጭጭ። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ ስጠይቀው «ውስጡ የቀረውን ቆሻሻ እንዲተፋ ነው» አለኝ። ወንድሜ ይሄን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ፤ እንደሱ አባባል ነገሩ ቤንዚን ማባከን እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም። መምህሩም አልተወ፣ ወንድሜም መሳቁን አልተወ። ማዞሪያው ላይ ያለው ወጣት ደግሞ ቤንዚን መጥፋት ከጀመረ ወዲህ የራሱን ዘዴ አምጥቷል። ከአስፋልቱ ሲታጠፍ ሞተሩን ያጠፋና በፎሌ፣ ያለ ማርሽ፣ ቁልቁለቱን ይለቀዋል። ድምፅ የለው፣ ጡሩምባ የለው፣ ከኋላ እንደ ድመት ይመጣል። አንድ ቀን ባልዲ ይዤ ስሻገር ለጥቂት ነው የሳተኝ። «ዋሪያ! ዓይንህን የት ጥለኸው ነው?» ብዬ ጮህኩበት። «የቤንዚን ወረፋ አንቺ ትቆሚልኛለሽ?» ብሎኝ ተንሸራቶ አለፈ። አይገርምም? ጥፋቱ የኔ ሆኖ ቀረ።

ከጀልዴሳ በኩል ወተት የሚያመጣልን ሰውዬ ጨርሶ አያጠፋም። ሞተሩ አንዴ ከጠፋ ካልገፉት አይነሳም። ስለዚህ ጀሪካኑን ሲያወርድም፣ ወተቱን ሲለካም፣ ከእናቴ ጋር በኦሮምኛ ሲሟገትም ሞተሩ አጠገቡ እየተንቀጠቀጠ ነው። ወተቱ ቤታችን ሲገባ ግማሹ ቅቤ ሆኗል እያልኩ እቀልድበታለሁ።

ይሄ ሁሉ ግን የየሰዉ ዓመል ነው። ሕጉ ሌላ ነው። ሰው በር ላይ መጥቶ ሞተሩን ካላጠፋ አይገባም ማለት ነው። ካጠፋ ገባ ማለት ነው፤ ገባ ማለት ተቀመጠ፣ ተቀመጠ ማለት በላ ማለት ነው። ስለዚህ የበር ላይ ትግል ሁሉ በዚህች ነገር ነው። «አጥፋውና ግባ!» «አይ፣ ቸኩያለሁ።» «አጥፋው እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» «ወላሂ ሰው ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።» «ታዲያ ውሃ እንኳ ሳትቀምስ?» እንግዳው ይቅለሰለሳል፣ ዞር ዞር ይላል፣ በመጨረሻ ያጠፋዋል። የእናቴን «አጥፋው» ችሎ የሄደ ሰው እስካሁን አላየሁም። «አጥፋው» ያልተባለ ሰው ደግሞ ነገሩ ይገባዋል፤ ማርሽ አስገብቶ በሰላም ዋሉ ብሎ ይሄዳል።

ወንድሜ በገዛ በራችን ላይ እንግዳ የሆነው ባለፈው ዓመት ነው።

ወንድሜ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሚስቱንም ያገኛት እዚያው ነው። በልጅቷ ላይ ማንም ነቀፌታ የለውም፤ አባቴም የለውም። ሃይማኖታቸው ስለሚለያይ የሷም ቤተሰብ የእኛም ቤተሰብ «ይቆይ፣ እንነጋገርበት» እያለ ዓመታት እንዳያስቆጥራቸው ሁለቱም ፈሩ። ስለዚህ ወንድሜ ሽማግሌ ሳይልክ፣ ለአባቴ ሳይነግር፣ ከጓደኞቹ ጋር ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ፈረመ። ለእኔ እንኳ አልነገረኝም። ለእኔ! አብረን በአንድ ትሪ በልተን ያደግን፣ ሚስጥሩን ሁሉ ሸሽጌ የኖርኩ። ሳምንት ሙሉ አላናገርኩትም።

አባቴ የሰማው ፀጉር ቤት ነው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ግማሽ ጢሙ ተላጭቶ፣ አንዱ ገባና «እንኳን ደስ ያለህ፣ ልጅህን ዳርክ አሉ» አለው። አባቴ ምድር ባቡር ሠርቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሰፈሩ ሲጣላ ለእርቅ፣ ሲጋባ ለሽምግልና የሚጠራው እሱን ነው። የስንቱን ልጅ ድሮ ኩሎ የራሱን ልጅ ጋብቻ ከፀጉር ቤት ሰማ። በዚያው ቀን ወንድሜ ሊነግረው፣ ይቅርታም ሊጠይቀው መጣ። አባቴ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለን ነበር። ቀስ ብሎ «ሁለተኛ በዚህ በር እንዳትገባ» አለው። በቃ። ይህችን ብሎ ሬዲዮኑን ከፈተ።

ወንድሜ ደግሞ የአባቱ ልጅ ነው፤ ግትርነት በዘር ነው የሚመጣው። በር እንዳትገባ ተባለ፣ አይገባም። መምጣት ግን አልተከለከለም፣ ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ከተከራየው ቤቱ ተነስቶ፣ ቀፊራ ገበያ ገብቶ ቲማቲም፣ ማንጎ፣ አንዳንዴም የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት ገዝቶ በራችን ላይ ይቆማል። የፊት ጎማው ደፉ ላይ ነው፤ ጣት ታህል አያልፍም። ሞተሩን አያጠፋም። እናቴ ነጠላዋን እየሳበች ትወጣለች፤ ከዚያ ጨዋታቸው ይጀመራል፣ ጨዋታ ከተባለ። ሞተሩ እየጮኸ ስለሆነ እነሱም ይጮሃሉ።

«እማዬ፣ መድኃኒቱን እየዋጥሽ ነው?»

«ምን?»

«መድኃኒቱን!»

«እየዋጥኩ ነው! አንተስ እየበላህ ነው? ከሳህ!»

ሰፈሩ ሁሉ የእናቴን ደም ግፊት በየሳምንቱ ይሰማል። አባቴም ይሰማል። እሱ በረንዳው ላይ ሽቦ አልጋው ላይ በሽርጥና በሸሚዝ ጋደም ብሎ ነው የሚውለው። የወንድሜ ሞተር ከአስፋልቱ ሲታጠፍ እጁን ሰድዶ ሬዲዮኑን ይቀንሰዋል። አይቼዋለሁ። ሲሄድ መልሶ ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ ለማንም ሳይሆን «ይሄ ሞተር ዘይት አይቀየርለትም እንዴ?» ይላል።

እኔ በመሃል ተቀምጬ ልፈነዳ ነው የምደርሰው። አንድ ቅዳሜ ወንድሜን «አጥፋው አቦ! ራሴን አዞርከው!» አልኩት።

«አባዬ ይበለኝ» አለ።

ተነስቼ ወደ በረንዳው ሄድኩ። እኛ ድሬዎች አንቱታ እምብዛም አይሆንልንም፤ አባቴንም አንተ ነው የምለው። «አባዬ፣ አጥፋው በለው። አንዲት ቃል ናት።»

«አፉን ይዤዋለሁ? እጁን አስሬዋለሁ?» አለኝ። «መንገዱ የመንግሥት ነው። ቢያጠፋ ባያጠፋ እኔ ምን አገባኝ?»

«እሱ እኮ አንተን ነው የሚጠብቀው!»

«ይጠብቅ።»

ወደ በሩ ተመልሼ «ይጠብቅ ብሏል» አልኩት። ወንድሜ ሳቅ ብሎ ማርሽ አስገባ። ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም። ያን ቀን ያበላሸሁትን እጅጌ ስተረትር አመሸሁ።

ክረምት ላይ አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ተራራው ላይ ወርዶ ደቻቱ ሞላ። ወንድሜ በሚመጣበት ሰዓት አልመጣም። እናቴ በር ላይ ቆማ ቀረች። አባቴ ሬዲዮኑን አልከፈተም። ቆይቶ «ደቻቱ ከባድ ነው እንዴ ዛሬ?» አለ። የጠየቀው ግድግዳውን ነው፣ እኛን አይደለም። ግድግዳው አልመለሰለትም፤ እኔም አልመለስኩለትም፣ ንዴቴ ነው። ትንሽ ቆይቶ ተነሳ፣ ውሃ ጠጣ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሳ። ሊመሽ ሲል ያ ሞተር ከአስፋልቱ ሲታጠፍ ተሰማ። አባቴ ረጅም ትንፋሽ አወጣና «የጭስ ማውጫው ማርሚታ ተቀዶበታል፣ ሰፈር ይበጠብጣል» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ። እኔ በዚያች ቅጽበት ልቤ ተቃጠለ። ሁለቱም እየተሰቃዩ ሁለቱም አፋቸውን ዘግተዋል።

ከዚያ የወንድሜ ሚስት አረገዘች። እናቴ በደስታ አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ በሐዘን አለቀሰች። ልጅቷ ቤታችንን አታውቀውም። አንድም ቀን በሩን አልፋ አልገባችም፤ ባሏ ያልገባበት እሷ እንዴት ትግባ? እናቴ ናት የቋጠረችላትን ይዛ ድልድዩን ተሻግራ የምትጠይቃት። ልጁ ሲወለድስ? አያቱን በር ላይ ሞተር ላይ ተቀምጦ ነው የሚያየው? ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኝ ጀመር። አባቴ አንዴ ከተናገረ ቃሉን አያጥፍም፤ ሰፈሩ የሚያከብረውም ለዚህ ነው፣ እኛን የሚገድለንም ይኸው ነው።

የወራቱ ሁሉ ነገር ያለቀው በአንድ የግንቦት ቅዳሜ ነው። ሰባት ሰዓት አልፏል። ድሬ በዚያ ሰዓት ሱቁ ተዘግቶ፣ ሰው ሁሉ በልቶ ጥላ ፈልጎ የሚጋደምበት ነው። ሞተሩ መጣ። ቀና ስል ወንድሜ ብቻውን አይደለም። ከኋላው ሚስቱ አለች፣ ሆዷ ገፍቶ፣ አንድ እጇ ሆዷን፣ አንድ እጇ የባሏን ሸሚዝ ይዞ። ከእርግዝና ክትትል እየተመለሱ ነው፤ ባጃጆቹ ቤንዚን ወረፋ ላይ ስለሆኑ ሌላ የሚሳፈሩበት አጥተዋል።

እናቴ ጮኸች። «በዚህ ሆዷ? በሞተር? አንተ ልጅ አብደሃል?»

«ቀስ ብዬ ነው የነዳሁት፣ እማዬ።»

«ውረጂ ልጄ፣ ግቢ፣ ግቢ!»

ልጅቷ ፈገግ አለች። ፊቷ በላብ ርሷል፣ ሻርፗ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል። «ግድ የለም እማዬ፣ አሁን እንሄዳለን» አለች። አልወረደችም። ወንድሜ መሬት መሬቱን ያያል። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ እሷም ከሞተሩ ጋር ትንቀጠቀጣለች፣ ሆዷም።

እኔ መቀሴን ጥዬ ተነሳሁ። «አቦ አሁንስ በቃኝ!» አልኩ። ለማን እንደሆነ አላውቅም፤ ወደ በሩም ወደ በረንዳውም ነው የምጮኸው። «እሱ አይልም፣ አንተ አታጠፋም፣ ይቺ ልጅ ፀሐይ ላይ ትቅለጥላችሁ? ምን አደረገቻችሁ? ሆዷ ውስጥ ያለውስ ምን አደረጋችሁ?» ድምፄ ተሰበረና እንባዬ መጣ። መምህሩ በመስኮት ብቅ አለ። ግድ የለኝም፣ ይይ።

ያኔ የሽቦ አልጋው ሲጮህ ሰማሁ።

አባቴ ተነስቷል። ሽርጡን ጠበቅ አድርጎ፣ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ግቢውን ያቋርጣል። ወንድሜ ከተባረረ ወዲህ ቅዳሜ ቀን ወደዚህ በር ቀርቦ አያውቅም። አንድ ክፉ ቃል ሊናገር ነው፣ ልጅቷ ፊት፣ ከዚያ በኋላ የሚጠገን ነገር አይኖርም ብዬ ፈራሁ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ወንድሜ ሞተሩ ላይ እንዳለ ቀጥ አለ።

አባቴ የልጁን ፊት አላየም። ልጅቷን አያት፣ ሆዷን አየ። ከዚያ እጁን ዘረጋና ቁልፉን አዞረው። ሞተሩ ጠፋ። ቁልፉን ነቀለ፣ የሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ ከተተው፣ ዞረ፣ ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ተመለሰ፣ አልጋው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። አንዲት ቃል አልተናገረም።

ጆሮዬ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ይጮህብኝ ነበር። ቀድማ የነቃችው እናቴ ናት። «ግቡ፣ ግቡ» አለች በሹክሹክታ፣ «ተኝቷል፣ ድምፅ እንዳታሰሙ!» ሰው እንደዚያ ፈጥኖ እንደማይተኛ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ድሬ ውስጥ ከምሳ በኋላ የተኛ ሰው እሳት ካልተነሳ በቀር አይቀሰቀስም፤ አባቴን ደግሞ እሳት ቢነሳም አንቀሰቅሰውም። ቁልፍ የሌለው ሰው የት ይሄዳል? ወንድሜ ሚስቱን ደግፎ አወረዳት። ደፉ ላይ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ሞተሩን እየገፋ ገባ።

ልጅቷን እኔ አልጋ ላይ አስተኛኋት፣ ማራገቢያውን አዞርኩላት። እናቴ ምሳ አቀረበች፣ ጨመረች፣ ደግሞ ጨመረች። በሹክሹክታ በላን። ለወንድሜ ጉርሻ ሰጠሁት፣ ማን አለኝና። ቀስ በቀስ ሹክሹክታው ጨዋታ ሆነ፣ ጨዋታው ሳቅ ሆነ። ውሃ ልቀዳ በበረንዳው ሳልፍ አባቴን አየሁት። አባቴ ሲተኛ ማንኮራፋቱ ጎረቤት ይደርሳል፤ ያን ቀን ድምፅ የለውም። ዓይኑ ተገልጦ ግድግዳውን ያያል። ከውስጥ ልጅቷ ስትስቅ የእግሩ ጣቶች ይንቀሳቀሳሉ። ሳላየው እንዳለፍኩ ሆኜ አለፍኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ወንድሜ ወደ በረንዳው ወጣ። እኔም ተከትዬው በሩ ላይ ቆምኩ። አልጋው አጠገብ ቆሞ እጆቹን አጣመረ። «አባዬ» አለ። «አባዬ፣ ልንሄድ ነበር። ቁልፉን…»

አባቴ አልዞረም። እጁን አንስቶ የደረት ኪሱ ላይ አደረገው።

«ሙቀቱ በረድ ይበል» አለ።

ሙቀቱ ከበረደ ቆይቷል። ነፋሱ ገብቶ የበሩን ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ እናቴ ውስጥ ለልጅቷ ነጠላ ደርባላታለች። ወንድሜ ዞሮ አየኝ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ፣ አባቴ እግር ሥር ተቀመጠ።

«እሺ» አለ፣ «በረድ ይበል።»